ከሆልደን የሚወጣው ወሬ

ሆልደን፣ አዮዋ
ኅዳር 28

ለወንድሜ ለክላይድ፤

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። በቆሎው ገብቷል፣ አሳማዎቹ ወፍረዋል፣ ኦርቪልም እንደ ወትሮው ነው፤ ብቻ ከወትሮው ዝምታ አብዝቷል። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሮ የኖረ ባል ዝም ሲል ሰላም ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

በስልክ ፋንታ በደብዳቤ ስመልስልህ እንዳትቀየመኝ። የኛን የስልክ መስመር አምስት ቤት እንደሚጋራው ረስተኸዋል። እሑድ ስናወራ የጎረቤታችን የሚስዝ ኡልሪክ የግድግዳ ሰዓት ሲመታ በስልኩ ውስጥ ቆጠርኩት። እኔ ቤት የሚመታ ሰዓት የለም።

ወደ ጠየቅከኝ ልምጣ። ዕጩያችን አገረ ገዥ ስታሪት ማክሰኞ ወደ ሆልደን እንደሚመጡ ከእኔ በቀር እዚህ የሚያውቅ አልነበረም። ተፎካካሪያቸው ሴናተር ማክቪ ግን እሑድ ዕለት ከተፍ አለ። እኛ ባሰብነው ምግብ ቤት ገብቶ፣ እኛ ባሰብነው ወንበር ተቀምጦ፣ ስለ አሳማ ዋጋ አወራና ሄደ። ማክሰኞ የኛ ሰው ያንኑ ሲናገሩ ገበሬው እርስ በርሱ ተያየ። አንዱ እንዲያውም፣ «ይኼንን እሑድ ሰምተነዋል፤ ሌላ የለዎትም?» አላቸው። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ብዙ ሰዎች የአንድ ፓርቲ ዕጩ ፕሬዚዳንት ለመሆን ሲሽቀዳደሙ አንዱ ሌላውን መቅደሙ ያለ ነው። በዚህ መኸር ሦስት ጊዜ፣ ሦስቱንም ጊዜ በሁለት ቀን ሲቀድም ግን የነገረው ሰው አለ።

«ኦርቪልስ ያውቃል ወይ?» ላልከው፣ አያውቅም። ባለፉት ሁለት ምርጫዎች አብረን ስንሠራ ይህን ጠይቀኸኝ አታውቅም። ያስጠየቀህ ማነው? ሚስተር ፌልተን ናቸው? እሳቸውስ ጉዞውን ያውቁ የለም ወይ?

እህትህ ኢርማ


ማንቸስተር፣ ኒው ሃምፕሸር
ታኅሣሥ 12

ለውድ እህቴ ለኢርማ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ አድርጊልኝ። እዚህ ሥራው ፋታ አይሰጥም። በረዶ ላይ ቤት ለቤት እንዞራለን፣ ማታ ፖስታ እናሽጋለን።

ስለ ሚስተር ፌልተን የጠየቅሽኝ አስገርሞኛል። የዘመቻው አለቃ ናቸው፤ ጠረጴዛቸው ከእኔ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ነው። ሸሚዛቸውን ሰብስበው ከእኛ ጋር ፖስታ የሚያሽጉ ሰው ናቸው። እሳቸውን ከመጠርጠር አገረ ገዥውን ራሳቸውን መጠርጠር ይቀላል።

አሁን የምነግርሽን ለማንም አትንገሪ። አገረ ገዥው ጥር 8 ቀን በሆልደን የገበሬዎች ማኅበር አዳራሽ አዲሱን የእርሻ ዕቅዳቸውን ይፋ ያደርጋሉ። የንግግሩ ርዕስ «መሬቱ ለሚያርሰው ልጅ» የሚል ነው። አዳራሹን በሌላ ምክንያት አስይዢው። ከዋናው ጽሕፈት ቤት ውጭ ይህን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።

ለኦርቪል ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

ወንድምሽ ክላይድ


ሆልደን
ታኅሣሥ 27

ለወንድሜ ለክላይድ፤

እንኳን ለገና በሰላም አደረሰህ። የላክልንን ብስኩት ኦርቪል ብቻውን ጨረሰው።

አዳራሹን ለብርድ ልብስ ሰፊ ሴቶች ስብሰባ ነው ብዬ አስይዣለሁ። ለአዳራሹ ጠባቂም፣ ለኦርቪልም፣ ለማንም አልተነፈስኩም። ደብዳቤህን አንብቤ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ደብዳቤህ ላይ አንድም የተሰረዘ ቃል የለም። አንተ ሳትሰርዝ ሁለት መስመር ጽፈህ አታውቅም፤ መጀመሪያ ጽፈህ ነው የምታስበው። ይኼኛውን ግን የገለበጥከው ይመስላል። ከምን ላይ?

እህትህ ኢርማ


ማንቸስተር
ጥር 7

ለወይዘሮ ኢርማ ቶርገርሰን፤
የስታሪት ምርጫ ዘመቻ የሆልደን አካባቢ ኃላፊ

ጥር 5 ቀን ሴናተር ማክቪ በሆልደን የገበሬዎች ማኅበር አዳራሽ «መሬቱ ለሚያርሰው ልጅ» በሚል ርዕስ ንግግር ማድረጋቸው ታውቋል። ይህ ዕቅድና ርዕሱ ከዋናው ጽሕፈት ቤት ውጭ የተገለጸው ለእርስዎ ብቻ ነበር።

ስለሆነም በእጅዎ የሚገኙትን የመራጮች ካርዶች በሙሉ ዴ ሞይን ለሚገኘው ጽሕፈት ቤታችን እስከ ጥር 15 እንዲያስረክቡ እጠይቃለሁ። ስለ ባለቤትዎ የሚያስረዱን ነገር ካለም በጽሑፍ ይግለጹልን።

ክላይድ ራስሙሰን


ሆልደን
ጥር 12

ክላይድ፤

«እርስዎ» ብለህ ጻፍክልኝ።

እናታችን ስትሞት አንተ ስድስት ዓመትህ፣ እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንቺ ስትለኝ ኖረሃል፤ ስትሰድበኝም አንቺ እያልክ ነው። አንቱታ ከባዕድ ሲመጣ ክብር ነው፤ ከወንድም ሲመጣ በር መዝጋት ነው። አጠገብህ ቆሞ ያጻፈህ ሰው ካለ ሰላም በልልኝ።

ካርዶቹን አልሰጥም። ስምንት መቶ አርባ ካርድ ነው፤ እያንዳንዱን ሰው ቤቱ ሄጄ፣ ቡናውን ጠጥቼ፣ ውሻው ነክሶኝ የሞላሁት። አንድ ቁጥር የጻፍኩበት የኛ ሰው ነው፣ አምስት የጻፍኩበት የማክቪ፣ ሦስት የጻፍኩበት ገና ያልቆረጠ። እነዚያ ሦስቶች እኔን እንጂ ዴ ሞይንን አያውቁም። ከፈለጋችሁ ፖሊስ ላኩ።

አሁን ደግሞ የገባኝን ልንገርህ። የእርሻ ዕቅድ የሚባል ነገር አልነበረም። ለእኔ ብቻ የተዘጋጀ ውሸት ነበር፤ ማክቪ ዘንድ ከደረሰ ኢርማ ናት ልትሉ። ወጥመድ ነው። አይጥ እንኳ ወጥመድ ሲያጠምዱላት አይብ ያደርጉላታል፤ አንተ ለኦርቪል ሰላምታ አደረግክልኝ።

እኔ ለማንም አልተናገርኩም። እንግዲህ ማን ተናገረ የሚለውን አብረን ብንፈልግ ይሻል ነበር።

ኢርማ


ማንቸስተር
ጥር 17

እትዬ ኢርማ፤

በዚያ ደብዳቤ አፍሬያለሁ። ሚስተር ፌልተን እያነበቡልኝ ነው የጻፍኩት፤ «እርስዎ» የሚለውም የእሳቸው ቃል ነው። ይኼ ምክንያት አይሆነኝም፤ ግን እንድታውቂው ብዬ ነው።

ወጥመድ ነበር። ፌልተን፣ «እህትህ ንጹሕ ከሆነች በዚህ ትጸዳለች፤ ለእሷ ብለህ አድርገው» አሉኝ። አንቺን ላጸዳ መስሎኝ ነው ያደረግኩት። ከዚያ ማክቪ ያንን ርዕስ ቃል በቃል ሲያነብ በሬዲዮ ሰማሁ።

ይህን መጻፍ ይከብደኛል። ፌልተን በአዮዋ ሰዎች አሏቸው። የኦርቪል መኪና፣ ያቺ የኋላ መብራቷ የተሰበረ፣ ሜሰን ሲቲ ውስጥ ማክቪ ቢሮ ካለበት ሕንጻ ፊት ለፊት ሦስት ጊዜ ቆማ ታይታለች። ሦስቱም ሐሙስ ቀን ነው። እሱ ሐሙስ የት ነኝ ይልሻል?

አንቺን አልጠረጥርም። ግን ደብዳቤዬን ከማቃጠልሽ በፊት ጠረጴዛ ላይ ስንት ሰዓት ቆየ?

ካርዶቹን ያዢያቸው። አልተቀበለችኝም እላለሁ።

ክላይድ


ሆልደን
ጥር 22

ክላይድ፤

ከምሳ እስከ ማታ ቆየ። ዶሮ ቤት ነበርኩ።

ኦርቪል ሐሙስ ሐሙስ መኖ ልገዛ ሄድኩ ይለኛል። መኖ ቤቱ ሜሰን ሲቲ አይደለም። ይህን ከአንተ ደብዳቤ በፊት አስቤው አላውቅም፤ አሁን ሌላ የማስበው ነገር የለም። እራት ላይ እጁን አያለሁ። ጋዜጣ ሲያነብ የትኛው ገጽ ላይ እንደቆየ አያለሁ። ስጠራው አንዳንዴ አይመልስልኝም፤ ምን እያሰበ ነው እላለሁ።

ትናንት የእሱን ካርድ ከሳጥኑ አወጣሁት። አንድ ብዬ የሞላሁት ሳልጠይቀው ነበር። በሦስት ለወጥኩት።

አንተ ያስተማርከኝን እኔም አደረግኩ። አንድ ነገር ነገርኩት፤ እውነት ያልሆነ፣ ከሰማው ማክቪ ሮጦ የሚጠቀምበት ነገር። ምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። እስከ የካቲት 2 የምርጫ ስብሰባ ድረስ ወይ ይወጣል ወይ አይወጣም።

የቤት ነገር ስለሆነ ለፌልተን አትንገር።

ኢርማ


ሆልደን
የካቲት 4

ክላይድ፤

የአውራጃውን ውጤት በጋዜጣ አይተኸዋል፤ ሦስተኛ ወጣን። ስለ እኛ ቀበሌ የጠየቅከኝን ግን ጋዜጣ አይጽፈውምና እኔ ልንገርህ።

መጀመሪያ ለኦርቪል የነገርኩትን ላውጣው። አገረ ገዥ ስታሪት የልብ ሕመም እንዳለባቸው፣ ተደብቀው እየታከሙ እንደሆነ ነገርኩት። እንዲህ ያለ ወሬ እህል መጋዘኑ ጋ አንድ ጠዋት ከተነገረ እስከ ምሳ አውራጃውን ያዳርሳል። ዐሥር ቀን ጠበቅኩ። አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ማክቪም ምንም አላለ።

ቅዳሜ ከአገረ ገዥው ቢሮ ለኦርቪል ደብዳቤ መጣለት። ቆሞ አነበበና ሰጠኝ። «ለላኩልን የመልካም ጤንነት ምኞት እናመሰግናለን፤ አገረ ገዥው ግን ፍጹም ጤነኛ ናቸው» ይላል። ለካ ባሌ ለማንም ትንፍሽ ሳይል፣ የመልካም ምኞት ካርድ ገዝቶ፣ በዚያ ጭራሽ በማይነበብ ጽሕፈቱ «እግዚአብሔር ይማርዎት፤ ባለቤቴ በጣም ትደክምልዎታለች» ብሎ ልኮላቸው ነበር።

«ፈተንሽኝ» ብቻ አለ። ምን ልበል? አዎ፣ የማክቪ ሰው መስለኸኝ ነው አልኩት። ኮቱን ለብሶ ወደ ከብቶቹ ወጣ።

ሰኞ ማታ ስብሰባው በትምህርት ቤቱ ጂምናዚየም ነበር። ሁለታችንም በአንድ መኪና ሄድን። ስድሳ ሁለት ሰው መጣ። ሕጉን ታውቀዋለህ፤ ሰው እጩውን የሚመርጠው ጥግ ይዞ በመቆም ነው፣ ከመቶ አሥራ አምስት ያልሞላ ጥግ ይፈርሳል። ለእኛ አሥር ሰው ያስፈልግ ነበር። ቆጠርን፤ ዘጠኝ ሆንን።

ኦርቪል የማክቪ ጥግ ቆሟል። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሠላሳ ሰው መሃል፣ እኔን እያየ።

ከቆጠራው በኋላ ሰው ከጥግ ወደ ጥግ የሚሳሳብበት ግማሽ ሰዓት አለ። ሚስዝ ኡልሪክ ከእኛ ጥግ ሆና፣ «ኢርማ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ባልሽን ጥሪው እንጂ» አለችኝ። መሃል ሜዳው ባዶ ነው፤ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ያቺ የሐሙስ መኪና ግን ፊቴ ድቅን አለችብኝ። ደብዳቤው ያጸዳው ሰው እዚያ ጥግ መቆሙን ሳይ፣ እንግዲያው ፌልተን እውነቱን ነው ብዬ አሰብኩ። ሌሎች ሦስት ሰዎች ጋ ሄጄ ለመንኩ። አልመጡም። እሱ ጋ አልሄድኩም። ሰዓቱ አለቀና ጥጋችን ፈረሰ፤ ስድስቱ ወደ ቤታቸው ሄዱ፣ ሁለቱ ወደ ማክቪ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ጠየቅኩት።

«ለምን እዚያ ቆምክ?»

«የማክቪ ሰው ነህ ተብዬ ከተጠረጠርኩ፣ ቦታውን ልየው ብዬ ነው።»

«ከልብህ ነው?»

«ልትጠሪኝ ትመጫለሽ ብዬ ነበር። እስከ መጨረሻው ደቂቃ ጠበቅኩሽ። ጣትሽን ብታነሺልኝ እመጣ ነበር።»

ከዚያ የሐሙሱን ጠየቅኩት። መኪናውን ዳር አቆመው። ማክቪ ቢሮ ያለው ፎቅ ላይ ነው፤ ከሥር ጆሮው ለደከመ ሰው መስሚያ የሚሸጡበት ሱቅ አለ። ግራ ጆሮው ከበጋ ጀምሮ አይሰማም። ሽማግሌ ሆንኩ ብዬ ለመናገር አፈርኩ አለኝ። «ስትጠሪኝ የማልመልስልሽ ስለማልሰማሽ ነው፣ ኢርማ።»

አሁን እቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ነው የሚያመሰግነኝ። ጨው ሳቀብለው «አመሰግናለሁ» ይለኛል።

ከእኔም ከእሱም ካልወጣ፣ ወሬው ከማን ወጣ? እኔ የቀረኝ የምጠረጥረው ሰው አንተ ነህ።

ኢርማ


ማንቸስተር
የካቲት 26

እትዬ፤

ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ ይኼኛውን እንደተሰረዘ እልክልሻለሁ።

እኔ አይደለሁም። ግን እንዲህ ብትጠረጥሪኝ አልፈርድብሽም።

ማክሰኞ እዚህም ተሸነፍን። አገረ ገዥው ረቡዕ ጠዋት ከውድድሩ ወጡ፤ ሁላችንንም እጃችንን ጨበጡን፣ አንዳንዱ አለቀሰ። ሚስተር ፌልተን አልነበሩም። ጠረጴዛቸው ባዶ ነበር፤ ሥዕላቸውም፣ ሲኒያቸውም የለም። ማታ በቴሌቪዥን አየናቸው። ማክቪ የድል ንግግር ሲያደርግ ከኋላው ቆመው ያጨበጭባሉ። አዲሱ የዘመቻ አማካሪ ተብለው ተዋወቁ።

የሚስተር ፌልተን ጸሐፊ የነበረችው ልጅ ቆማ ስታየው ቆየችና፣ «ከጥቅምት ጀምሮ እኮ በየሳምንቱ ሴናተር ማክቪ ጋ ይደውሉ ነበር፤ የድሮ ጓደኛዬ ናቸው ይሉኝ ነበር» አለች። የምግብ ቤቱን ጉዞ ዕቅድ የጻፉት ፌልተን ናቸው። ርዕሱን ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው። ደብዳቤውን ያስገለበጡኝ እሳቸው ናቸው። በአንድ ቀን ለሁለታችሁም ነገሩ፤ ለአንቺ በእኔ በኩል፣ ለማክቪ በስልክ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ሆልደን ቀሰሩ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ እኔ ግን ፈረሱን ብቻ አልወቅስም።

አንቺን ለመጠርጠር አንድ ከሰዓት በኋላ በቃኝ። እሳቸውን ለመጠርጠር አራት ወር ሙሉ አልታየኝም፤ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው። አለቃዬን ከምጠረጥር እህቴን መጠርጠር ቀለለኝ። ለምን እንደሆነ አስባለሁ። አንቺ ብታዝኚም እንደማትሄጂ አውቃለሁ፤ እሳቸው ቢያዝኑ ሥራዬን አጣለሁ። በዚህ ነው የቀለልሽብኝ።

የኦርቪልን መኪና የጻፍኩልሽ እኔ ነኝ። ጥርጣሬው ቤታችሁ የገባው በእኔ እጅ ነው። ይቅርታ ለመጠየቅ ቃል የለኝም፤ ለእሱ ለብቻው ልጻፍለት ወይስ ዝም ልበል? አንቺ ያልሽኝን አደርጋለሁ።

ክላይድ


ሆልደን
መጋቢት 10

ለወንድሜ ለክላይድ፤

ለኦርቪል አትጻፍለት። ሰው የላከለትን ደብዳቤ ለጊዜው ጠልቷል።

ሐሙስ ጠዋት ስልክ ተደወለ። ሚስተር ፌልተን ናቸው። ድምፃቸውን ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ለስላሳ ድምፅ አላቸው። እንዴት አሉ፣ ብርዱ ቀለለ ወይ፣ ብለው ጠየቁኝ። ቀጥለው በመኸር ለሚመጣው ትልቁ ምርጫ ሰሜን አዮዋን በሙሉ ለማክቪ እንድመራላቸው ለመኑኝ። ደመወዝም አለው፣ መኪናም አለው።

«ስለ ካርዶችዎ ሰምቻለሁ» አሉ። «እንደ እርስዎ ያለ ሠራተኛ አላየሁም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ምስጢር ጠባቂ ነዎት። የተነገረዎት ነገር ከእርስዎ ዘንድ አይወጣም።»

መስመሩ ላይ ሰዎች እንዳሉ ይሰማኛል፤ ቢያንስ ሁለት ቤት። ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

«ሚስተር ፌልተን፣ ከእኔ ዘንድ እንደማይወጣ እርስዎ በምን አወቁ?»

ዝም አሉ። ጠበቅኩ። ማንም አልዘጋም፤ እሳቸውም፣ ጎረቤቶቼም። ሰው ትንፋሹን ውጦ ዝም ሲል እንዴት እንደሚሰማ አሁን አውቃለሁ። በመጨረሻ፣ «መልካም ቀን ወይዘሮ ቶርገርሰን» ብለው አስቀመጡት። እስከ ምሳ ድረስ ሆልደን በሙሉ ሰምቶት ነበር። ይኼኛው ወሬ ግን በእርግጥ ከእኔ ቤት ወጣ።

ኦርቪል በር ላይ ቆሞ ነበር። አዲሱ መስሚያ ጆሮው ላይ ነው።

«ማነው?» አለኝ።

ተቀመጥ አልኩትና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት፤ ያንተን ወጥመድ፣ የኔን ወጥመድ፣ ካርዱን በሦስት መለወጤን ጭምር። ያልተቃጠሉትን ደብዳቤዎችህንም ሰጠሁት። አንድ በአንድ አነበባቸው። ምሳ አለፈ።

ሲጨርስ አጣጠፋቸውና፣ «ሰውየው ስትጠይቂው ምን አለ?» አለኝ።

«ዝም አለ።»

«እኔም ቅዳሜ ዕለት ብጮህ ይሻል ነበር» አለ። «ዝም ባልል ኖሮ ሰኞ አንቺም ወደ ጥጉ ትመጪ ነበር።»

እጄን ያዘኝ ብልህ ደስ ይልህ ነበር፤ አልያዘኝም። ግን ጨው ሳቀብለው አላመሰገነኝም። ዝም ብሎ ተቀበለኝ፣ እንደ ድሮው።

አንተን ይቅር ብዬሃለሁ ብል እዋሻለሁ፤ ውሸት ደግሞ በዚህ ቤት በቅቶናል። በደብዳቤ አይሆንም። ሚያዝያ ላይ በቆሎ ስንዘራ ና። አንድ ሳምንት ትሠራለህ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ እንበላለን፣ ያኔ ፊትህን እያየሁ የምለውን እልሃለሁ። ኦርቪልን ይምጣ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ይምጣ» አለኝ። «ግን በቀኜ በኩል ይቀመጥ።»

እህትህ ኢርማ